ጭንቅላቴን ከተመታሁ በኋላ «ዓይንህ ጤነኛ ነው» ተባልኩ

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ «ኢ» አለ። ወደ ታች በወረደ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። 6 ሜትር ርቀህ ትቀመጣለህ። አንድ ዓይንህን በመዳፍህ ትሸፍናለህ። ሲስተሯ በዱላ ስትጠቁም የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጅህ ታሳያለህ። ቀኝ። ታች። ግራ። ላይ።

እኔ እስከ መጨረሻው መስመር አንድም አልሳትኩም። ሌላኛውን ዓይኔንም ሸፍኜ እንደዚያው። ካርዴ ላይ 6/6 እና 6/6 ተብሎ ተጻፈ። «አስር አለቃ፣ ዓይንህ ጤነኛ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባልኩ። አመስግኜ ወጣሁ። ከሕንፃው ስወርድ ደረጃው ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። እውነተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ስላቃተኝ የብረት መደገፊያውን ይዤ፣ በእግሬ እየዳሰስኩ ወረድኩ።

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። ትክክለኛውን ምርመራ ያገኘሁት በ2015 መጋቢት ነው። ይህን የምጽፈው በመሃል ስላለፈው ጊዜ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ወታደር፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ያለ ቤተሰብ፣ ያን ያህል ጊዜ እንዲባክንበት አልፈልግም።

አደጋው የደረሰው በ2014 ጥር ላይ ነው። ለሥልጠና በኦራል ተጭነን እየተጓዝን ቁልቁለት ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተገለበጠ። እኔ ካሶኒው ላይ ነበርኩ። ግንባሬን ከቀኝ በኩል ብረቱ መታኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ራሴን ስቼ እንደነበር የነገሩኝ ጓዶቼ ናቸው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አላስታውስም። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ደም የለም፣ ስብራት የለም። ወረቀቱ ላይ «ቀላል የጭንቅላት ጉዳት» ተብሎ ተጻፈ።

«ቀላል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። እኔንም አሳስቶኛል። በኋላ እንደተረዳሁት ሐኪሞች ይህን ቃል የሚጠቀሙት በመጀመሪያው ቀን በታየው ነገር ነው። ራስን የሳቱበት ጊዜ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ፣ የመርሳቱ ነገር ከአንድ ቀን ካልዘለለ፣ ሰውየው ሲጠሩት የሚመልስ ከሆነ «ቀላል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ቃሉ ምንም አይናገርም። ሲቲ ስካንም ቢሆን ደምና ስብራት ያሳያል እንጂ ዓይንን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ መጎዳቱን አያሳይም።

የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶኝ ሰንጋ ተራ እህቴ ቤት መጣሁ። እታለም እላታለሁ፣ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ወራት ሲያልፉ እዚሁ መሃል ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ የቢሮ ሥራ ተመደብኩ። ቀላል ሥራ ነው ተብሎ ነበር። ለእኔ ግን በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ ስም እና ቁጥር መገልበጥ ነበር ሥራዬ። ስሙን አያለሁ፣ ዓይኔን አዙሬ እጽፋለሁ፣ ስመለስ መስመሩን አጣዋለሁ። የአንዱን ሰው ቁጥር ከሌላው ስም ፊት አስቀምጣለሁ። ፊደሎቹ ይዋኛሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ ትንሽ ቅጥያ ናት ልዩነቱ። «ሪ» እና «ራ»፣ «ቡ» እና «ቢ»፣ አንዷ ጭረት ከጎኗ ባለችው ላይ ስትደረብ ሌላ ቃል ይሆናል። ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሞላ ግንባሬን በሁለት በኩል በመዶሻ የሚመቱኝ ይመስለኝ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ ታገሠኝ። በኋላ «ምን ነካህ? ልብህ ሥራው ላይ የለም» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ልቤ የሸሸ መሰለኝ።

ቤትም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸሎት አነባለሁ፣ እታለም ቡና እያፈላች ትሰማለች። እሷ ጸሎቱን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ ቀን «አንተ፣ አንድ መስመር ዘለልክ እኮ» አለችኝ። በማግስቱም ዘለልኩ። ከዚያ በኋላ በለሆሳስ ማንበብ ጀመርኩ። በመጨረሻ ማንበቡን ተውኩት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መስቀል አደባባይ ነው። ከአደጋው በፊት ፈቃድ ወጥቼ አዲስ አበባ ስመጣ፣ ሊነጋጋ ሲል እዚያ ደረጃዎቹ ላይ እሮጥ ነበር። አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ ደረጃ በደረጃ መውጣት። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ጀምር ሲለኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሽቅብ ስወጣ ምንም አልሆንኩም። ቁልቁል ልወርድ ስል ግን እያንዳንዱ እርከን ከበላዩ ሌላ እርከን ደረበ። አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ጥላ። ሯጮች በአጠገቤ እያለፉ እኔ እንደ ሕፃን ልጅ ተቀምጬ በመቀመጫዬ ወረድኩ። አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» ብለው ቆሙ። «ደክሞኝ ነው» አልኳቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ወታደር ያልሆነ ሰው ላይገባው ይችላል። ከጦር ክፍልህ እንዳትወጣ ትፈራለህ። «ሰበብ ፈላጊ» እንዳትባል ትፈራለህ። በዚያ ላይ ካርድህ 6/6 ይላል። ወረቀቱ ጤነኛ ነህ ሲልህ አመመኝ ማለት እንዴት ይቻላል? እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ሄጃለሁ፣ ልቤም ተረጋግቷል፣ አሁንም እሄዳለሁ። አንድ ሐኪም ጭንቀት ነው አለኝ። ጭንቀትም ነበረብኝ፣ አልክድም። ከእንዲህ ያለ አደጋ የተረፈ ሰው ሊጨነቅ ይችላል፣ ለእሱም ሕክምና አለው። ግን ጭንቀት ደረጃን ሁለት አያደርግም። አንዱ ሕመም ሌላውን ሸፈነው።

መውጫውን ያገኘሁት ፈጽሞ ባላሰብኩት በኩል ነው። በእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ የተነሳነው ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ፣ እታለም ፎቶውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «አንገትህ ምን ሆኗል? በሁሉም ላይ ወደ ግራ ዘምመሃል» አለችኝ። አየሁት። እውነቷን ነው። አንገቴም ያመኝ ስለነበር ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፊዚዮቴራፒስቱ እጁን ከአንገቴ ላይ አነሳና ዝም ብሎ አየኝ። «አንገትህ ምንም የለውም። ሳቀናው ትመልሰዋለህ። ዓይንህ ነው አንገትህን የሚያጣምመው» አለኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለች አንዲት ኦፕቶሜትሪስት፣ የዓይን እይታ መርማሪ ባለሙያ፣ ላከኝ።

የዚያን ቀን ምርመራ በዝርዝር እጽፋለሁ። ምክንያቱም ምን ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ባውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ወር አላጠፋም ነበር።

መጀመሪያ መሣሪያ አልነካችም። ጠየቀችኝ። ስታነብ መስመር ትስታለህ? ቃላት ይንቀሳቀሳሉ? አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታይቶህ ያውቃል? ጎን ለጎን ነው ወይስ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች? ብርሃን ይወጋሃል? መርካቶ ወይም ሜክሲኮ ሕዝብ መሃል ስትገባ ያዞርሃል? በር ወይም ሰው ትገጫለህ? ሁልጊዜ በአንድ በኩል? በመጨረሻ «ስታነብ አንዱን ዓይንህን ትጨፍናለህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ ግራ እጄን አገጬ ላይ የማስደግፍ መስዬ በጣቴ ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ነበር። ለምን እንደማደርገው ራሴንም ጠይቄው አላውቅም።

«አንዱን ስትጨፍን ሁለት መሆኑ ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«እሱ ትልቅ ነገር ነው» አለችና ጻፈች። በኋላ አስረዳችኝ። አንዱን ዓይን ሲጨፍኑ ድርቡ ምስል ከጠፋ፣ ችግሩ ሁለቱ ዓይኖች አብረው አለመሥራታቸው ነው። ጨፍነውም በአንዱ ዓይን ብቻ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ችግሩ እዚያው ዓይን ውስጥ ነው፣ የዓይን ሌንስ ወይም የፊተኛው መስታወቱ። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በአንድ ደቂቃ ሊሞክረው ይችላል።

ከዚያ ኪሷ ውስጥ ከነበረው ሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ በቀር ምንም አልያዘችም። ጫፉን ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አድርጋ «ጫፉን እይ፣ ሁለት ሲሆን ንገረኝ» አለች። ቀስ ብላ ወደ አፍንጫዬ አቀረበችው። ገና ከስንዝር በላይ ርቆ ሳለ እስክሪብቶው ተሰንጥቆ ሁለት ሆነ። «ሁለት» አልኩ። ማስመሪያ ዘርግታ ለካች። 24 ሳንቲ ሜትር። ደገመችው። 27። ሠለሰችው። 29። ብዙ ጤነኛ ሰው እስክሪብቶው አፍንጫው አካባቢ እስኪደርስ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀርብ፣ አንድ አድርጎ ያየዋል። ከ10 ካለፈ ልብ ሊባል ይገባል። በተደጋገመ ቁጥር እየራቀ መሄዱም ዓይኖቹ እንደሚደክሙ ያሳያል። መጽሐፍ የምንይዘው 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እኔ ሳነብ ዓይኖቼ በአቅማቸው ጫፍ ላይ ሆነው ነበር የሚሠሩት። የራስ ምታቱ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀጥሎ ሁለት እስክሪብቶ ግራና ቀኝ ይዛ ዓይኔን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳዘልል አደረገች። ዓይኔ አልፎ ይሄድና ተመልሶ ይይዘዋል። መስመር የምዘለው በዚህ ነው። አንዱን ዓይኔን በማንኪያ ቅርጽ ባለ ጥቁር ነገር እየሸፈነችና እየገለጠች ሌላው ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ ጭንቅላቴን በእጇ ይዛ ወደ ቀኝ ትከሻዬ አዘነበለችው። ግድግዳው ላይ ያለው ነጥብ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ተራራቀ። ወደ ግራ ስታዘነብለው ተሰብስቦ አንድ ሆነ።

«የድሮ ፎቶ አለህ?» አለችኝ። የወታደር መታወቂያዬን አወጣሁ። ከአደጋው አራት ዓመት በፊት የተነሳሁት ነው። ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። አንገቴ ቀጥ ያለ ነው። አንዳንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አንገቱ ያዘነበለ ይሆናል፣ የኔ ግን አዲስ መሆኑን ያረጋገጠችው በዚያች ፎቶ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ስትሄዱ ከጉዳቱ በፊት የተነሳችሁትን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።

የብሌኔን መጥበብና መስፋት በባትሪ አየች። ጣቶቿን በአራቱም ማዕዘን እያሳየች ከጎን በኩል የማየው ሜዳ ሙሉ መሆኑን ፈተነች። የዓይን ግፊት ለካች። ጠብታ ጨምራ ብሌኔን አስፍታ የውስጡን ተመለከተች። ከጠብታው በኋላ ለብዙ ሰዓት ብዥ ይላል፣ ፀሐዩም አይቻልም። ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ብቻዬን ሄጄ አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ እህቴ እስክትመጣ ቆሜ ጠበቅኳት።

ውጤቱን ስትነግረኝ የተናገረችውን አልረሳውም። ኦፕቶሜትሪስቷ ገጠር ነው ያደገችው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። «ጥማድ በሬ ታውቃለህ አይደል? ሁለቱም በሬዎችህ ጠንካራ ናቸው። ሰሌዳው ላይ አንድ አንድ እየተባሉ ነው የተፈተኑት፣ ሁለቱም አለፉ። የተዛባው ቀንበሩ ነው። ማንም አጣምዶ አላያቸውም» አለችኝ።

እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱ 6 ጡንቻዎች አሉ። እነሱን የሚያዙት ከአንጎል የሚወጡ 3 ነርቮች ናቸው፣ በሐኪሞች አቆጣጠር 3ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው። 4ኛው እጅግ ቀጭን ነው። ከአንጎል ግንድ ጀርባ ወጥቶ ዞሮ ስለሚመጣ የራስ ቅል ውስጥ ረጅሙን መንገድ የሚሄደውም እሱ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ በቀላሉ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሥራው በተለይ ዓይንን ወደ ታች ማውረድ ላይ ይታወቃል። ለዚያ ነው ሽቅብ ስወጣ ደህና ሆኜ ቁልቁል ስወርድ የምደናገረው። ለዚያ ነው ንባብም የጎዳኝ፣ ወደ ታች አይተን ነውና የምናነበው። አንገቴ ሳላውቀው ወደ ግራ ያዘነበለው የቀኙን ዓይን ድካም ለመሸፈን ነው። በዚህ ላይ ሁለቱን ዓይኖች ወደ ቅርብ ነገር የማሰባሰብ አቅሜ ተዳክሟል። ሁለት ጉዳት፣ አንድ ምት።

ወደ ዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ላከችኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ሌላ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ታየ። ይህ መዘለል የለበትም። ድርብ ማየት ከሌላ ከባድ ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው መነጽር ብቻ ተሠርቶ መቅረት አይገባም።

እንዲህ ያለው የነርቭ ጉዳት በብዙ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱ ይሻለዋል። የኔ ከዓመት በላይ ስለቆየ ሌላ መላ ተፈለገ። መነጽሬ ውስጥ ፕሪዝም ተሠራ። ፕሪዝም ብርሃኑን ትንሽ አዘንብሎ የሚያስገባ መስታወት ነው። ሁለቱ ምስሎች ተገናኝተው አንድ እንዲሆኑ ይረዳል። ለብሼው ከክሊኒኩ ስወጣ ደረጃውን ቆሜ አየሁት። አንድ ነበር። ቆጠርኳቸው፣ 14 እርከን።

ለማሰባሰቡ ድካም ደግሞ ልምምድ ተሰጠኝ። እታለም ክርና ሦስት ትልልቅ ዶቃ ገዛች፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ክሩን በሩ እጀታ ላይ አስረን ሌላውን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ ይዤ እቀመጣለሁ። ዶቃዎቹ ክሩ ላይ ተራርቀው ይደረደራሉ። ሩቁን ዶቃ አያለሁ፣ ከዚያ መሃለኛውን፣ ከዚያ ቅርቡን። ዓይኖቹ በትክክል አብረው ሲያዩ ክሩ ራሱ ሁለት ሆኖ ልክ የምታየው ዶቃ ላይ ይጠላለፋል። የመስቀል ቅርጽ ይሠራል። መጠላለፊያው ከዶቃው ወዲህ ወይም ወዲያ ከሆነ ዓይንህ ዒላማውን ስቷል ማለት ነው። ወታደር ስለሆንኩ ይህ ወዲያው ገባኝ። ቅርቡ ዶቃ ላይ ያን መጠላለፊያ ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጀብኝ።

በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። በየሁለት ሳምንቱ ክሊኒክ ሄጄ ትለካኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራስ ምታቱ ባሰብኝ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚተወው፣ እኔም ልተወው ነበር። እባካችሁ እዚህ ጋ አትተዉት፣ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ መጠኑን ቀንሱት እንጂ። በአራተኛው ሳምንት 24 የነበረው 16 ሆነ። በስምንተኛው 11። ሲያልቅ 8። ልምምዱ ግን ለሁሉም ዓይነት ችግር አይደለም። ለኔ የተሰጠኝን አይታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ተመርመሩ።

ስለ ጥቁር መነጽርም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብርሃን ሲወጋኝ ቤት ውስጥም ቢሮም ጥቁር መነጽር አደርግ ነበር። ስህተት ነው። ዓይን ጨለማውን ይለምድና የተራ አምፖል ብርሃን እንኳ አልችልም ይላል። ውጭ ፀሐይ ላይ አድርጉት፣ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ አውልቁት። እኔ ባለ ጥላ ኮፍያ ማድረግና ከሚርገበገበው የፍሎረሰንት መብራት ሥር ጠረጴዛዬን ማንሳት በቂ ሆኖልኛል። ለመዝገቡ ሥራ ደግሞ ካርቶን ላይ የአንድ መስመር ስፋት ያለው መስኮት ቆርጬ ገጹ ላይ አስቀምጣለሁ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ይሸፈናል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብዬ ሩቅ አያለሁ። ኃላፊዬ የምርመራውን ወረቀት ካየ በኋላ አንድም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ካርቶኑን ራሱ ነው የሚቆርጥልኝ።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። ሲመሽና ሲደክመኝ ደረጃው ይደረባል። ማታ መኪና አልነዳም። ግን አነባለሁ። ጸሎቴንም ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ክሊኒኩ ስመላለስ ወረፋ ላይ ያገኘሁት አንድ ጓድ ነበር። ቀኝ ትከሻው ሁልጊዜ በር ይገጫል። «ቀኝ ዓይኔ ጠፍቷል» ብሎ ነው የመጣው። ሲመረመር ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው፣ ግን ሁለቱም የቀኙን ግማሽ አያዩም። የተመታው ከኋላ በግራ በኩል ነው። የግራው አንጎል ነው የቀኙን ዓለም የሚያየው። እሱም ሰሌዳውን አንብቦ 6/6 ተብሎ ነበር። መንጃ ፈቃድ ነበረው፣ ይነዳም ነበር። እግረኛ ከቀኝ ቢገባ አያየውም ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሪ የያዘ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ሁለት እያየ ወይም ግማሽ እያየ ዝም ካለ ጓዶቹን አደጋ ላይ ይጥላል። እኔም ዝም ያልኩ ነኝ። ለዚህ ነው ይህን በድፍረት የምናገረው።

ሌላ አገር ይህ ነገር ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካኖች ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ወታደሮቻቸው ሰሌዳውን አንብበው መጽሐፍ ማንበብ ሲያቅታቸው አዩ። የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤታቸው ከባድ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸው ልዩ የማገገሚያ ማዕከሎቹ ውስጥ ለሚተኙ ሁሉ ልዩ የዓይን ምርመራ እንዲደረግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 መመሪያ አወጣ። በዚያው አቆጣጠር በ2014 ደግሞ የዓይን እንቅስቃሴንና የሚዛን ስሜትን አብሮ የሚፈትን አጭር ምርመራ ታተመ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በዋናነት የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ ጫፉ ላይ ፊደል የተጻፈበት እንጨትና የሰለጠነ ሰው ነው። ዛሬ ጦራቸው ጭንቅላቱን የተመታን ወታደር በሚመረምርበት ቅጽ ውስጥ ገብቷል። የኔ ሕመም የታወቀው በሰማያዊ ቢክና በማስመሪያ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሌሉበት የጦር ካምፕ ክሊኒክ ያለ አይመስለኝም። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ የሠራዊቱ አባላት፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመጣላችሁ ከሰሌዳው በተጨማሪ እነዚህን ሁለቱን አውጡ። ያችን ጥያቄም ጠይቁት፣ ስታነብ አንድ ዓይንህን ትጨፍናለህ? በሉት።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መሄድ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ድንገት የብርሃን ብልጭታ ወይም ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ፣ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፣ የዓይን ውስጥ ሽፋኑ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ፣ የዓይን ቆብ ወርዶ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ማስመለስ ከመጣ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ዓይኑ ራሱ የተመታ ሰው ከዓመታት በኋላም ግፊቱ ሊጨምር ስለሚችል በየዓመቱ ይለካ።

የት እንሂድ ለምትሉኝ፣ በመንግሥት በኩል ከሆነ ከጤና ጣቢያ ወይም ከክፍላችሁ ሪፈር አጽፉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ያለበት ነው። የትም ሂዱ የት፣ «ዓይኔን አሞኛል» ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። ሰሌዳው ፊት ያስቀምጧችኋል። «ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ፣ ሁለቱ ዓይኖቼ አብረው መሥራታቸውን እዩልኝ፣ ከጎን የማየውንም ፈትኑልኝ» በሉ። የአደጋውን ቀን፣ ራሳችሁን የሳታችሁበትን ጊዜ፣ የሲቲ ስካኑን ወረቀት ያዙ። የምታስታውሱትን አንድ ሳምንት ጻፉ፣ መቼ ሁለት ሆነ፣ መቼ ራስ ምታቱ ጀመረ፣ ምን እያደረጋችሁ ሳለ። ቤተሰብ አብሮ ይግባ። አንገቴ መዝመሙን ያየችው እህቴ ናት፣ እኔ በመስታወት ሳየው ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ጓዴን ለገሃር አካባቢ ሻይ ቤት አገኘሁት። ፍንዳታ አጠገቡ ነበር፣ አካሉ ላይ ግን አንድም ጭረት የለም። ሜኑውን አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። «አንተ ያዘዝከውን እኔም» አለ። ግራ እጁን አገጩ ላይ ሲያስደግፍ አየሁ። ጣቱ ዓይኑ ላይ ነበር። ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁና ጫፉን እንዲያይ ነገርኩት። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ እጄን ያዘኝ። ቀጠሮው ማክሰኞ 3 ሰዓት ነው፣ አብሬው እሄዳለሁ።